ለባዝራዋ አንድ ምሰሶ

ፊልም ከማንም ጋር ቢሆን ይታያል፤ ሲቀረጽ አጠገቡ ከነበረ ሰው ጋር ግን አይታይም። እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አንዳንድ አይጠፋም። እኛ ደቡብ ዩታ፣ ቀዩ ገደል ሥር ያለነው ግን ለጎረቤት የምናውሰው ሁሉ ተርፎናል። የከተማችን ግማሽ ሽማግሌ በዘመኑ ለካውቦይ ፊልም ወይ ተኩሷል፣ ወይ ተተኩሶበታል፣ ወይ ለተኳሾቹ ሳንድዊች አመላልሷል። የሁሉም አውራ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ወግ "ወንድም" የምንላቸው፣ ክቡር ላቫር ታልቦት ናቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ አብሯቸው ፊልም የሚያይ ሰው ዕድሜ ግን ያጥራል።

በጉልምስናቸው ፈረስ አከራይ ነበሩ። ፊልም ሠሪዎቹ አክተሩን ከካሊፎርኒያ ይዘውት ይመጣሉ፤ ፈረሱን የሚያገኙት ከሳቸው በረት ነው። ስለዚህ ዛሬ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው የአንድም አክተር ስም አያውቁም፣ የአንድም ፈረስ ስም አልረሱም። አገር ያበደለት ጀግና ቴሌቪዥኑን ሞልቶ ልጅቷን ሊስም ሲል ከኋላችን ያ የታወቀ ድምፅ ይመጣል፦ "ሰውየውን ተዉት፤ ፈረሱን እዩ።"

"ኧረ ወንድም ላቫር፣ ሊስማት ነው እኮ" ትላለች እኅቴ።

"ይሳማት። ያ ጥቁር ፈረስ ግን ጥቁር አይደለም። ዳማ ነው፤ በጫማ ቀለም ነው ያጠቆርነው። ሱሪውን እዪው፣ እየለቀቀበት ነው።"

እናያለን። እውነትም የጀግናው ሱሪ እስከ ጭኑ ጠቁሯል። ከዚያ ወዲያ ስለ መሳሙ ማን ያስባል?

ባለፈው ዓመት ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተው የካውቦይ ፊልም ሲያዩ ሐኪሙ ልባቸውን ሊያዳምጥ ቀረበ። "ትንሽ ቆየኝ ልጄ፣ ግራጫው ፈረስ ሊሰናከል ነው" ብለው በእጃቸው ገፉት። ሐኪሙ ማዳመጫውን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ጠበቀ። ግራጫው ተሰናከለ። ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ያ ሰው አሁን ቤቱ ገብቶ ከካውቦይ ፊልም በቀር ሌላ ነገር አያይም።

ነገር የከረረው በምሰሶው ነው። በዋናው መንገዳችን ዳር በየምሰሶው ላይ የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ እዚህ መጥተው ፊልም የሠሩ ሰዎች ስም የተቀረጸበት። ዘንድሮ አንድ ምሰሶ ብቻ ቀረ፣ የመኖ ሱቁ ፊት ለፊት ያለው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የከተማው ስላልሆነ ሌላ አይተከልም። ወንድም ላቫር ዝንጅብል ለምትባል ባዝራቸው ይሰጥ ብለው ቆረጡ። ሰሌዳ የሚሰጠው ኮሚቴ ስብሰባ በጠራ ቁጥር ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ውጡ ቢባሉ አይወጡ፣ ተዉት ቢባሉ አይተዉ።

እውነቱን ልናገርና፣ ያንን ምሰሶ የኮሚቴው አባል የሆንኩት እኔም ፈልጌዋለሁ። ለአባቴ ለሜሪል፤ ስሙንም ለኮሚቴው አቅርቤያለሁ። አባቴ ሥራው ጎማ መጠገን ነበር፤ በትርፍ ሰዓቱ ይሞታል። ከጣሪያ ወድቆ፣ ከደረጃ ተንከባሎ፣ ፈረስ ማጠጫ ገንዳ ውስጥ ተደፍቶ ለፊልም አሥራ አንድ ጊዜ ሞቷል፤ አንዱም ላይ ፊቱ አይታይም። አክተር አይሞትም ይባላል፤ እሱ አክተር አልነበረም። ሰባት ዓመቴ ላይ የእውነቱን ሞተ። ስለዚህ አባቴ ሲንቀሳቀስ የማየው በነዚያ ፊልሞች ብቻ ነው፤ የሚንቀሳቀሰውም ወደ መሬት ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ እኅት አርቪላ፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ፣ መጀመሪያ በወንድም ላቫር ሳቀች።

"ለፈረስ ሰሌዳ ከሰጠን ነገ የውሻ ባለቤት ይመጣብናል።"

"ውሻው አርባ አንድ ፊልም ከሠራ ይምጣ።"

"ዝንጅብል አርባ አንድ ሠራች? በየፊልሙ ቀለም ስትቀቧት ኖራችሁ፣ እሷ መሆኗን በምን እናውቃለን?"

"በቀኝ ነው የሚወጡባት" አሉ።

ፈረስ ላይ የሚወጣው በግራ ጎን መሆኑን እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል። ወንድም ላቫር ግን ዝንጅብልን ሲገሩ ግራ እግራቸው ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ነበር። በቀኝ እርካብ እየወጡ ገሯት፤ እሷም ዓለም በቀኝ ነው ብላ አመነች። ከዚያ በኋላ በግራ የመጣባትን ሁሉ ነከሰች፣ አክተር ሆነ አልሆነ።

"እንግዲያው አርባ አንዱንም እናያለን" አለች አርቪላ። አስተማሪ አይደለች?

አየን። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየከሰዓቱ፣ አምስት የኮሚቴ አባላት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ካሮት የተፈቀፈቀበት አረንጓዴ ጄሊ፣ ያገራችንን የስብሰባ ጣፋጭ፣ እየበላን። ሸሪፉ ሌባ ሊያሳድድ እየሮጠ ይወጣል፤ ባዝራዋ ግራ ጎን ይደርስና ድንገት ትዝ ብሎት በአፍንጫዋ በኩል ዞሮ በቀኝ ይወጣል። በሚቀጥለው ክፍል ወንበዴው ጥይት እየዘነበበት እሱም ይዞራል። አንዴ ጉራቻ፣ አንዴ ቦራ፣ አንዴ ነጠብጣብ ናት፤ የሚጋልባት ግን ሁሉ ይዞራል። አንድ ቄስ አልዞርም ብሎ ክንዱን ተነከሰ፤ ፊልም ሠሪዎቹም ሳይቆርጡት ቀርተዋል። አርቪላ ራሷ "ዞረ" እያለች መጻፍ ጀመረች።

አርባ ላይ ስንደርስ ሁለቱ አባላት ለባዝራዋ፣ አርቪላና ባሏ ለአባቴ እንደሚሰጡ ታወቀ። የቀረው የኔ ድምፅ ነው፤ እኔም ለማን እንደምሰጥ አውቃለሁ። ሽማግሌውም ያውቃሉ።

"ይበቃል፣ ድምፅ ስጡ" አሉ።

"አርባ አንድ ነው ያሉት" አለች አርቪላ። "አርባ አንደኛውስ?"

"እሱ ይቅር።"

"አይቀርም። አንድ ካጎደሉ ጎድሏል።"

ያ ሁሉ ጊዜ ለማሳየት ሲታገሉ የከረሙት ሰውዬ አሁን ኮፍያቸውን ሲያሽከረክሩ ቆዩ። በመጨረሻ ከካፖርታቸው ኪስ አንድ ዲስክ አውጥተው ሰጧት።

የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው፣ ጥቁርና ነጭ። አፋቸውን በመሀረብ የሸፈኑ አራት ወንበዴዎች ባንክ ዘርፈው ይወጣሉ። ሦስቱ ወደ ፈረሶቻቸው በግራ ሮጡ። አራተኛው ግን ሳይዞር፣ ሳያመነታ፣ እንደ ቤተኛ በቀጥታ ወደ ዝንጅብል በቀኝ ሄደ። አንገቷን መታ መታ አደረጋት። መሀረቡን ከአፉ ዝቅ አድርጎ ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር አላት፤ ፊቱም ታየ። የኔ ፊት ነው፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረኝ።

ተኩስ ተከፈተ። ሦስቱ ወደቁ። እሱ እስኪወድቅ ጠበቅኩ፤ ሁልጊዜ ይወድቃላ። አልወደቀም። ኮረብታውን እየጋለበ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ደረሰ፣ ወዲያ ማዶ ወረደ። ሸሪፉ ጠመንጃውን አውርዶ "ያኛው አመለጠ" አለ።

ወደ ወንድም ላቫር ዞርኩ።

"ለምን አላሳዩኝም?" አልኳቸው።

"ላሳይህ አስቤ ነበር ዴል፤ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ። እኔ የመጣሁት ለባዝራዋ ነው። ያባትህን ፊት አሳይቼ ምሰሶ ከምገዛ ብሸነፍ ይሻለኛል።"

ስንት ዓመት ፊልም ያበላሹብኝን ሽማግሌ ያን ከሰዓት እንደ ዘመድ ወደድኳቸው። ይኸው በጋዜጣም ጻፍኩት፤ አንብበው ይሳቁብኝ።

አርቪላ መነጽሯን ጠርጋ ድምፅ ጠየቀች። እጄን ለዝንጅብል አወጣሁ።

"አባትህስ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"እሷ ላይ ነው" አልኳት።