የትንሿ ጣት ማዕረግ

መሥሪያ ቤታችን ለወገን ካበረከታቸው ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ የላቀው የተጀመረው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በእኅቴ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። ሌሎቹን ታላላቅ ሥራዎች እንዳልዘረዝር ለጊዜው አንዳቸውም ትዝ አይሉኝም። ይህኛውን ግን በዓይኔ ስላየሁት፣ ቃለ ጉባኤውንም የያዝኩት እኔው ስለሆንኩ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ላውራው።

በቅድሚያ ስለ ጋሼ። ጋሼ የእኅቴ ባል ናቸው፤ በመሥሪያ ቤታችን ደግሞ የሥነ ምግባርና የአለባበስ ክፍል ኃላፊ። እኔንም እዚያው ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በችሎታዬ ተወዳድሬ ነው የገባሁት፤ ችሎታዬም የሚስታቸው ወንድም መሆኔ ነበር። ጋሼ መመሪያ ይወዳሉ። የቀሚስ ርዝመት፣ የጫማ ተረከዝ ድምፅ፣ በኮሪደር ላይ የሚፈቀደው የሳቅ መጠን፣ ለሁሉም መመሪያ አውጥተዋል። ሴት ሠራተኞች ጥፍር ቀለም እንዳይቀቡ ከከለከሉማ ቆይተዋል። የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ አንድ ቀን ነጣ ያለ፣ የማይታይ ቀለም ቀብታ መጥታ "ኧረ ይሄ አይታይም እኮ ጋሼ" ብትላቸው፣ "የማይታይ ጥፋት ከሚታየው ይብሳል፤ ተደብቋል ማለት ነው" ብለው ማስጠንቀቂያ ሰጧት። እንዲህ ያለ ጥልቅ ሰው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ካልሆነ ማን ይሁን? ቦታው ክፍት ነበርና እሳቸውም ራሳቸውን ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር።

የሚያሳዝነው፣ የእንዲህ ያለ ሰው ሚስት ጥፍር የምታስጌጥ መሆኗ ነው። እኅቴ እትዬ የምትሠራው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ በተሸጎጠች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጄል የሚባለውን ወፍራም ቀለም፣ ማድረቂያ መብራቱን፣ ብሩሹን፣ ሞረዱን፣ ብልጭልጩንና የፈርጥ ብልቃጦቿን ትደረድራለች። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ፈርጥ በወረንጦ አንስታ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ እርጥቡ ጄል ላይ ስታሳርፍ እጇ ንቅንቅ አይልም። የሰፈሩ ሴቶች ሥራዋን ይወዱላታል። ወጥ ቤቱ ግን ጨለማ ነው፤ ከድስቱ የሚነሳው እንፋሎት ጄሉን ያበላሽባታል፤ ደንበኞቿም ሽንኩርት ሸተው ይወጣሉ። ስለዚህ ልመናዋ አንድ ነበር፤ ጠረጴዛዋን ሳሎን መስኮቱ ሥር አስቀምጣ በብርሃን መሥራት።

"አይሆንም!" ይላሉ ጋሼ።

"ምን ይጎዳሃል?"

"የሥነ ምግባር ኃላፊ ሳሎን ውስጥ ጥፍር ሊቀባ? ሰው ምን ይላል? ደግሞስ ጥፍር ሥራ ነው እንዴ? ሥራ ማለት ስብሰባ ነው።"

"እኔ እጄ አርፎ ውሎ አያውቅም። አንተ ቀኑን ሙሉ ምን ስታንቀሳቅስ ነው የምትውለው?"

"ሐሳብ!"

በዚያች እሑድ ጋሼ ምሳቸውን በልተው ሶፋው ላይ ጋደም አሉና ማንኮራፋት ጀመሩ። ቀኝ እጃቸው ወደ ወለሉ ተንጠልጥሎ ነበር። እትዬ ደግሞ ለአንዲት ሙሽራ ያሰበችውን ንድፍ የምትሞክርበት ጣት አጥታለች፤ የራሷ ዐሥሩም ተሠርተው አልቀዋል። የእኔን ጠየቀችኝ።

"እኔ ወንድ ነኝ" አልኳት።

"እሱስ ምንድን ነው?" ብላ ወደ ሶፋው ሄደች። "አንዲት ጣት ናት፤ ሳይነቃ አነሳዋለሁ።"

ትንሿን ጣት ሞረደች፤ ጄል ቀባች፤ መሃል ላይ ቀይ ፈርጥ አኖረች፤ ዙሪያውን ወርቅ የሚመስሉ ጥቃቅን ዶቃዎች ሰካክታ በመብራቷ አደረቀችው። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ እንዲያውም ለእንደዚያ ያለ ጣት በዝቶበታል። ችግሩ የመጣው ልታነሳው ስትል ነው። የማስለቀቂያው፣ የአሴቶኑ ጠርሙስ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ሱቁ ደግሞ እሑድ አይከፈትም።

ጋሼ ሲነቁ የተናገሩትን እዚህ አልደግመውም፤ አብዛኛው ከመመሪያ ውጪ ነበር። በፒንሳ ሞከሩ፤ ጮኹ። በጥርሳቸው ሞከሩ፤ ጥርሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ለምክትልነት ዕጩ የሚቀርብበት ስብሰባ ደግሞ በነጋታው ጠዋት ነው።

"በፋሻ ጠቅልለውና ተቃጠልኩ በል" አለች እትዬ፣ ከልቧ አዝናላቸው።

"የቆሰለ ሰው አይሾምም!" አሉና በሩን ወርውረው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ቀብረው ገቡ። ሁሉም ደህና ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ "አጀንዳው ይጽደቅ የምትሉ" እስኪሉ ድረስ። ጋሼ በሕይወታቸው ሳይደግፉ ያለፉት አጀንዳ የለም። "ይጽደቅ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ እጃቸው ባለቤቱን ሳያማክር ይነሳል፤ ተነሳም። ፈርጡ በመስኮት የገባውን ፀሐይ ተቀብሎ የሥራ አስኪያጁ ግንባር ላይ ቀይ ነጥብ አሳረፈ።

"ጣትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

የጋሼ ቆሌ ሲገፈፍ ከተቀመጥኩበት አየሁት። ከዚያም እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሌላ ጥያቄ የማያስከትለውን ብቸኛ መልስ ሰጡ።

"ከላይ የመጣ ነው።"

እኛ ዘንድ ከላይ መጣ የተባለ ነገር አይመረመርም። ማን አመጣው፣ ለምን መጣ፣ መቼ መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድም አዲስ ነው፣ አንድም ሊባረር ነው። ሥራ አስኪያጁን ያስደነገጣቸው ፈርጡ አልነበረም፤ ለበታቻቸው ደርሶ ለእሳቸው አለመድረሱ ነው።

"እሱን ነው እንዴ!" አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። "ለእኔማ ቀደም ብሎ ደርሶኛል። ጊዜ አጥቼ ነው ያላሠራሁት።"

"እኔም ሰምቻለሁ" አሉ የበጀት ኃላፊው።

"እኛማ በክፍል ደረጃ ተወያይተንበታል" አሉ የዕቅድ ኃላፊው።

ሁሉም ሰምቶ ነበር። ያልሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት የወጣው ስብሰባ ከመፈጠሩ በፊት መሆን አለበት።

አመሻሹ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጥቁር መነጽር አድርገው እኅቴ ቤት መጡ። ጋሼ ግራ ቀኙን ገልመጥ ብለው ወደ ወጥ ቤት አስገቧቸው።

"ምን ዓይነት ይሁንልዎት?" አለች እትዬ።

"ከእሱ የሚበልጥ" አሉ ወደ ጋሼ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ሁለት ፈርጥ ተደረገላቸው። በማግስቱ የበጀት ኃላፊው፣ ቀጥሎ የዕቅድ ኃላፊው፣ ከዚያም የቀሩት በየተራ መጡና ሽንኩርት እየሸተታቸው ተሠርተው ሄዱ። የዕቅድ ኃላፊው ሁለት ፈርጥ አስደርገው ብቅ ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ተቆጥተው በዚያው ቀን ሦስተኛ አስጨመሩ። ነገሩ መልክ እንዲይዝ ጋሼ መመሪያ አረቀቁ፤ ለሥራ አስኪያጅ ሦስት፣ ለክፍል ኃላፊ አንድ፣ ለባለሙያ ብልጭልጭ ብቻ። ፈርጡ እንዳይወልቅ ሲባልም ኃላፊዎች ፋይል መንካት አቆሙ። ባለጉዳይ ልዩነቱ አልታወቀውም።

ጸሐፊዋ ይህን አይታ ጋሼን ኮሪደር ላይ አቆመቻቸው።

"እንግዲህ እኛም ልንቀባ ነው?"

"ጌጥ ክልክል ነው።"

"የእናንተስ?"

"የእኛ ጌጥ አይደለም፤ ኃላፊነት ነው። አንቺ እኮ የምትቀቢው እንዲያምርብሽ ነው" አሉና አዝነውባት ሄዱ።

እትዬም ጊዜው መሰላትና ጥያቄዋን አነሳች። "አለቃህ ሳይቀር ወጥ ቤቴ ገባ። አሁንስ ሳሎኑን ትሰጠኛለህ?"

"አሁንማ ጭራሽ! ሰው ካየ ሥራው ያንቺ ይመስላል" አሏት። መሥሪያ ቤት ውስጥ ንድፉን የሚያወጡት እሳቸው መሆናቸውን፣ ሚስታቸው የታዘዘችውን ብቻ የምትቀባ መሆኗን አስወርተው ነበር። እትዬ ይህን ከበጀት ኃላፊው አፍ ሰምታለች። ብሩሿን ወደ ማጽዳት ዞረች፤ እኔ ግን በእሷ ቦታ ተናደድኩ።

ከዚያ የተፈራው ቀን መጣ። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ተቆጣጣሪ ተላኩ። ዐሥሩም ጥፍራቸው እንደተፈጠረ ነው። አጀንዳው ሲጸድቅ የኃላፊዎቹ እጅ ባንድ ላይ ተነሳና አዳራሹ አብለጨለጨ። ተቆጣጣሪው እያንዳንዷን ጣት በየተራ አዩ። ከላይ የመጡት ሰው ከላይ የመጣውን ነገር አያውቁትም! ጋሼን ላብ በላብ አደረጋቸው። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ሥር አወረዱ።

እኚያ ታላቅ ተቆጣጣሪም የራሳቸውን እጅ ጠረጴዛው ሥር አወረዱ።

"እዚህም ደርሷል ማለት ነው" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ጥሩ ነው። የእኔ… ለእድሳት ተነስቶ ነው። እናንተ ዘንድ የሚሠራው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ!" አሉ ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው። "ከንድፉ እስከ ፍጻሜው።"

"እንግዲያው አሁኑኑ ይሥሩልኝ።"

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ጋሼን አያውቋቸውም። ዕቃውን እንዳመጣ ወደ ቤት ሰደዱኝ፤ "እትዬንስ ልጥራት?" ብላቸው "ዕቃው ይበቃል!" ብለው ገላመጡኝ። ይዤ ስመለስ ጄሉን አልነኩትም፣ መብራቱንም አልጠየቁም። ሰው ሠራሽ ጥፍር የሚጣበቅበትን ሙጫ መርጠው የተቆጣጣሪው ጣት ላይ አፈሰሱት። አረንጓዴ ፈርጥ ጣል አድርገው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ጠበቅ አድርገው ያዙ።

"እስኪይዝ ነው" አሉ።

ያዘ።

"ይበቃል፤ ይልቀቁኝ" አሉ ተቆጣጣሪው።

"ለቅቄዎታለሁ።"

"ኧረ አልለቀቁኝም!"

"እኔ ለቅቄያለሁ፤ እርስዎ ነዎት የያዙኝ!"

ተጓተቱ፤ ሁለቱም ጮኹ። ሥራ አስኪያጁ በተረጋጋ መንፈስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ኮሚቴው ሰብሳቢ እየመረጠ ሳለ እትዬ በሩ ላይ ታየች። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ዕቃውን ስወስድ ስለነገርኳት ከኋላዬ ተከትላኝ ኖሯል። በእጇ ሙሉ የአሴቶን ጠርሙስ ይዛለች።

"ሳሎኑስ?" አለች።

"ምን ሳሎን?" አሉ ተቆጣጣሪው።

"እዚህ ሰው ፊት ነው የምታወሪው?" አሉ ጋሼ በሹክሹክታ።

"ቤት ሳወራህ ሥራ ማለት ስብሰባ ነው ትለኛለህ። ይኸው ስብሰባ።"

"ሰውዬ፣ የምትለውን ይስጧትና ያላቁኝ!" ተቆጣጣሪው ጮኹ።

ሥራ አስኪያጁ ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡት። ሳሎኑ ለእትዬ ይሰጥ የሚሉ ሁሉ እጃቸውን አወጡ። ተቆጣጣሪው ሲያነሱ የጋሼም እጅ አብሮ ተነሳ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እትዬ በአሴቶን በራሰ ጥጥ ቀስ እያደረገች አላቀቀቻቸው፤ ለተቆጣጣሪውም አረንጓዴ ፈርጣቸውን በወጉ ሠርታ ሸኘቻቸው። እኔ በቃለ ጉባኤው ላይ "የዋናው መሥሪያ ቤትና የቅርንጫፉ ግንኙነት እጅግ የጠበቀ መሆኑ ታይቷል" ብዬ ጻፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከዋናው መሥሪያ ቤት መመሪያ ወረደ። የትንሿ ጣት ፈርጥ በሁሉም ቅርንጫፍ ግዴታ ሆኗል፤ የሚሠራውም በእትዬ ሳሎን ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጋሼን አስጠሩና ከቃለ ጉባኤ ያዡ ከእኔ በቀር ማንም በሌለበት በር ዘግተው እውነቱን ነገሯቸው።

"ሹመትዎ አልቋል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ግን ማዕረግ የምትሰጠን ሴት ባል ሆነው ምክትል መሆን አይችሉም፤ ጥቅም ይጋጫል። ወይ ሹመቱ፣ ወይ ሳሎኑ። ዛሬ ያስዘጓትና ነገ ምክትል ነዎት።"

ጋሼ ወደ ቤት ሲገሰግሱ እኔ ከኋላ ከኋላ ሮጥኩ። መንገዱን ሙሉ የሚሏትን ጮክ ብለው ሲለማመዱ ይሰማኛል፤ "ትዘጊያለሽ! በቃ!" ይላሉ። በሩን በርግደው ገቡ።

ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሶፋው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊዋም መሃላቸው ሆና ሐምራዊ ፈርጥ ትመርጣለች። መስኮቱ ሥር የሥራ አስኪያጁ ሚስት ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል። እትዬ በብርሃኑ ውስጥ ጎንበስ ብላ ወረንጦዋን ይዛለች።

"ስሚ" አሉ ጋሼ፤ "ይሄ ነገር ዛሬውኑ…"

"እጅህን ታጥበሃል?" አለች ቀና ሳትል።

"እ?"

"ታጥበህ ናና መብራቱን ያዝልኝ፤ አልመቸኝ አለ።"

የሥራ አስኪያጁ ሚስት ዞር ብለው ጋሼን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። "እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?"

ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉ፤ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። የሥራ ድርሻቸውን ሊዘረዝሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ቀደመቻቸው።

"ምክትሌ ነው" አለች።

እኔ ጋሼን አውቃቸዋለሁ፤ የተሰጣቸውን ሹመት ሲመልሱ አይቻቸው አላውቅም። ታጥበው መጡና መብራቱን ያዙ።