«እፈልጋቸዋለሁ!» ያልኩት መጽሐፎቹን ነበር

ዛሬ ላሊበላ መናኸሪያ ውስጥ የሆነውን ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ራሴው ልንገራችሁ። መስማታችሁ እንደሁ አይቀርም!

ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ መምህር ጡረታ ወጥተው ዛሬ ጠቅልለው ወደ ወልድያ መሄጃቸው ነበር። ሁለት መጽሐፍ አሳይተውኝ ነበር። አንዱ ስለ ከተማ ፕላን፣ ሌላው ከተሞች አደጋን እንዴት እንደሚቋቋሙ። «አንዱን ምረጪ» አሉኝ።

ሳምንት ሙሉ ሳመዛዝን ከረምኩ! የሰፈራችንን መንገድ ጎርፍ በየክረምቱ እየገመሰው ነው። ለማዘጋጃ ቤቱ የማቀርበው የቦይ ሐሳብ አለኝ፤ ግን በደንብ ሳላነብ በምን አፌ? የፕላኑ መጽሐፍ መንገዱ የት ማለፍ እንዳለበት ይነግረኛል። የአደጋው ደግሞ እስከዚያ እንዴት እንደምንተርፍ።

ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ።

«እህስ፣ የትኛውን ልስጥሽ?»

«ኧረ መምህር፣ አይቸገሩ፣ ይቅርብኝ።»

ለወጉ እኮ ነው! «በሞቴ» እስኪሉኝ ነበር የምጠብቀው። እናንተ ሳትለመኑ ትቀበላላችሁ?

«እሺ» አሉና ሁለቱንም ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱ።

እሺ!!

ፈገግ ብዬ «መልካም መንገድ» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ልደርስ ስል ነው ያንገበገበኝ። ሮጥኩ! መናኸሪያ ስደርስ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ሞልቶ መንቀሳቀስ ጀምሯል። አሁን ማን ይመርጣል? በሕይወቴ ጮሄ የማላውቅ ልጅ መስኮቱን እየደበደብኩ፦

«መምህር! ዋሽቼ ነው! እፈልጋቸዋለሁ!»

ሚኒባሱ ቀጥ አለ።

እኔ «እነሱን» ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ የሰማው «እሳቸውን»! አንቱታ ጉድ ሠራኝ!

መንገድ ላይ ወርደው ወደ ኮን የሚሄዱ አንዲት እናት ከኋላ ወንበር፣ «ኧረ እመብርሃን! በአባቷ ዕድሜ ያሉትን ሰውዬ?»

አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ ደግሞ ወደ መምህር ዞሮ፣ «ይውረዱ እንጂ ጋሼ! ልጅቷ ልታለቅስ እኮ ነው!»

«መጽሐፎቹን! መጽሐፎቹን ነው!» ማን ይመነኝ?

መምህር እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ ሁለቱንም በመስኮት አቀበሉኝ። ታዲያ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ኧረ አንዱ ይበቃኝ ነበር...»

«አንቺ!» ጮሁ የኮኗ እናት። «ዝም ብለሽ አትቀበይም?»

ተቀበልኩ! ሁለቱም የኔ ናቸው! እስካሁን እያገላበጥኩ አሸታቸዋለሁ!

ቤት ስደርስ ግን ወሬው ቀድሞኛል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ መጽሐፎቹን ዞር ብላም አላየቻቸው።

«ለመሆኑ ሰውዬው ሚስት የላቸውም?»

በቃ፣ የትኛውን ላስቀድም የሚለው ተፈታ። ከአደጋው እጀምራለሁ። ስለ እናት የሚያወራ ምዕራፍ ይኖረው ይሆን?