ደጋ ላይ የተዘረጋው የባሕር ካርታ

ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው የባሕር ካርታ ሲሰበስብ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ያውም ደብረ ብርሃን ላይ፣ ጋቢ ለብሶ! ጋሽ ተሰማ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። የሳሎናቸው ግድግዳ በድሮ የቀይ ባሕር ካርታዎች ተሸፍኗል። በጣት መንካት ክልክል ነው። ሻይ እየጠጣችሁ፣ «ምጽዋ ስትገቡ በስተግራ ካለው ዓለት ተጠንቀቁ» ይሏችኋል። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ባለፈው መስከረም አንኮበር ይዘውኝ ወጡ። ቆላው በጉም ተሞልቶ የኮረብታዎቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሏል። ጋሽ ተሰማ የሚሳሱለትን ካርታ ከብብታቸው አውጥተው ዘረጉ።

«ይኸው ባሕር!» አሉ ጉሙን እያሳዩኝ፤ ቀጥለው ወደ አንዷ የኮረብታ ጫፍ ጠቆሙ። «ያቺ ደሴት ግን ሰው አይኖርባትም።»

አህያውን እየነዳ ከቆላ ለገበያ የወጣ ነጋዴ አጠገባችን ቆመ።

«ወላሂ ጋሼ፣ እኔ እኖርባታለሁ!»

ይቀየሙታል ብዬ ስሰጋ፣ ጋሽ ተሰማ እስክሪብቶ አወጡና በዚያ በማይነካው ካርታ ላይ «ሰው ይኖርባታል» ብለው ጻፉ። ፊታቸው በራ።

ነጋዴው አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ።

«ከጻፉ አይቀር ጋሼ፣ የሚጠጣ ውኃ እንደሌላትም ይጨምሩልን።»