የፍልሰታ ሠርግ

እኛ ምሥጢር አንችልም። ይህን በማለቴ ቅር ያለው ካለ፣ ነገ ጠዋት ለጎረቤቱ «ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ» ብሎ አንድ ነገር ሹክ ይበለውና ከሰዓት በኋላ ጫማውን ሲያስጠርግ ከሊስትሮው ይስማው። እኔ ወልድያ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። «ጥብቅ ምሥጢር» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ ይዘቱን ቀድሞ የነገረኝ ባጃጅ ነጂው ነው።

መርዶ ሲሆን ግን ሌሎች ሰዎች እንሆናለን። ያ አፉን መዝጋት የማያውቅ ሰፈር፣ ሰው ሞተ ሲባል ከንፈሩን ይሰፋል። የሟች ልጅ ከሩቅ አገር ሲመጣ «ደህና ናቸው፣ ትንሽ ብርድ መትቷቸው ነው» እያለ ይቀበለዋል፣ ያበላዋል፣ ያስተኛዋል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ያረዳዋል። ሆዱ ባዶ ሆኖ እንዳይሰማ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳይሰማ ነው፤ ከሁሉ በላይ ብቻውን እንዳይሰማ ነው። አንዳንድ ዘመናዊ ሰው ይህን ኋላ ቀርነት ይለዋል። በስልክ መልእክት በአንድ መስመር «አባትህ አርፏል» ብሎ መላክ ሥልጣኔ ከሆነ፣ ሥልጣኔው ለባለቤቱ ይመለስለት እላለሁ እኔ።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ይህን ደንብ ያወጡት አባቶች፣ መርዶ የሚነገረው ሰው ሰማይ ላይ ቢሆን፣ በዚያ ላይ የሚያርዱትን ሰዎች ራሱ ጭኖ የሚያበርራቸው ቢሆን ምን እንደሚደረግ አልነገሩንም።

ጋሼ ይመር መርሳ ዳር የብርቱካንና የማንጎ አትክልት ነበራቸው። ልጅ አልወለዱም። የሞተች እኅታቸውን ልጅ ሲሳይን ግን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ አሳደጉ፤ በብርቱካኑ አስተማሩት፤ ልጁም ተምሮ ተምሮ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ አረፈው። ከዚያ ቀን ወዲህ በወረዳችን በሀብሩ ሰማይ ላይ የሚያልፍ አውሮፕላን በሙሉ የሲሳይ ሆነ። ጋሼ ይመር ድምፁን ሲሰሙ ዶማቸውን ይጥላሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያወዛውዛሉ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ከአውሮፕላኑ ጋር እየዞሩ ይሸኙታል። «ልጄ ነው እኮ!» ይላሉ። ከየት ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ፣ ክር የምታህል ነጭ መስመር ትቶ የሚያልፈውም ቢሆን ያው ነው። «ዛሬስ በጣም ከፍ ብሎ ነው የሄደ፤ ምን አስቀየምሁት ይሆን?» ብለው አንድ ቀን ሙሉ ሲከፉ አይቻለሁ። ጎረቤታቸው ሼህ እንድሪስ መጀመሪያ ይስቁባቸው ነበር። ኋላ ግን እሳቸውም ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆመው ማወዛወዝ ጀመሩ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ ልጠይቅ መርሳ ስሄድ አወዛውዛለሁ። ሰው የሚያደርገውን አለማድረግ ደግሞ ኩራት ይሆናል።

ባለፈው ፍልሰታ ለዓይኔ ሕክምና አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ፣ በማለዳ ስልክ ተደወለ። ጋሼ ይመር ሌሊቱን አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው። «ሲሳይ ዛሬ በረራ ላይ ነው፤ አደራ እንዳይሰማ! ማታ ቤቱ ሲገባ ሽማግሌ ሄዶ ያርዳው፤ ለሚስቱ ተነግሯታል» ተባለ። አዲስ አበባ ያለነው የመርሳ ልጆች እየተጠራራን፣ ኮምቦልቻ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲያ በመኪና ብንሄድ ቀብሩ ላይ እንደርሳለን ብለን አሥራ አንድ ሆነን ተሳፈርን። ከመካከላችን ልጃቸውን ከድጃን ሊጠይቁ መጥተው የነበሩት ሼህ እንድሪስ አሉ። የሲሳይ የአክስቱ ልጅ አለምነሽም አለች፤ እሷና ሲሳይ በዚያ ብርቱካን ሥር አብረው ነው ያደጉት። ሲሳይ እንዳይሰማ ያልደወልንበት ሰው የለም። ሲሳይ ዛሬ ወዴት እንደሚበር ግን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ቀበቶአችንን አሰርን። አለምነሽ ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ለብሳ ቀስ ብላ ታለቅሳለች። ድምፅ ማጉያው ተከፈተ።

«የተከበራችሁ መንገደኞች፣ እንደምን አደራችሁ። ካፒቴን ሲሳይ ነኝ…»

የአሥራ አንድ ሰው እንባ በአንድ ጊዜ ሲደርቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አለምነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተችው። አስተናጋጇ ደንግጣ መጣች። «እኅቴ፣ ያመመሽ ነገር አለ? እርዳታ ልጥራልሽ?» ስትላት፣ አለምነሽ ነጠላውን ከአፏ አውጥታ «ለካፒቴኑ እንዳትነግሪ!» ብላ ጮኸች። እንግዲህ ይህን ሰምታ የማትጠረጥር አስተናጋጅ ሥራዋን ብትለቅ ይሻላታል።

ሰማይ ላይ ከወጣን በኋላ በሹክሹክታ ክርክር ተነሣ። አለምነሽ «ልክ እንዳረፍን እንንገረው» አለች። «ያሳደጉትን ሰው አፈር ሳያለብስ? እኛ በአጠገቡ አልፈን ቀብር ደርሰን እሱ ማታ ይስማ? እስከ ሞቱ ይቅር አይለንም።»

ሼህ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸ አውሮፕላን ሌላ ሰው ጭኖ መመለሻ አለው፣ ልጄ። የሰው ነፍስ በእጁ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ለበቅሎ ነጂ እንኳ ገደል ላይ አይነገርም።»

እኔ ከሁለቱም ጋር ተስማማሁ። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው እንዲህ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ተዘግቷል። የነሐሴ ደመና ታውቁታላችሁ፤ ተራራውን ከነቤቱ ውጦ ምንም እንዳልበላ ዝም ይላል። ዝቅ አልን፤ ጎማው ሲወርድ ሰማን፤ መሬቱን እናያለን ብለን አንገታችንን ስናሰግግ ሞተሩ ጮኸና ሽቅብ ተመለስን።

«በአካባቢው ጥቂት ደመና ስላለ ጥቂት እንዞራለን» አለ ሲሳይ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት በሚያወራ ሰው ድምፅ። «የሚያሰጋ ነገር የለም።»

«ሰምቷል!» አለች አለምነሽ ክንዴን ጨምድዳ። «ሰምቶ ነው እጁ አልታዘዝ ያለው!»

«አብሽሪ» አሉ ሼህ እንድሪስ፣ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ። «ደመናው ነው። ደመናው መቼም የይመርን ሞት አልሰማ።» ይህን ብለው ዱዓቸውን ቀጠሉ፤ እኔም ማርያምን ከነፍልሰታዋ ጠራኋት። በሁለተኛው ሙከራ ሲሳይ እንደ ላባ አሳረፈን። ከኋላ የነበሩ መንገደኞች አጨበጨቡ። እኛ አሥራ አንዳችን ግን እንዴት ሳያየን እንደምንወርድ ነበር የምናስበው።

አልሆነም። አስተናጋጇ የሚያውቁት መንገደኞች እንዳሉ ከመሬት ከደረስን በኋላ ነግራው ኖሮ፣ ሲሳይ ከነደንብ ልብሱ ከደረጃው ግርጌ ቆሞ ጠበቀን። ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ ፊቱ ግን በደስታ በርቷል።

«ጋሽ ሞላ! ሼህ እንድሪስ! አለሙ! ደግሞ ምን ሰብስቦ አመጣችሁ?»

ሁሉም እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚህ ጊዜ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት።

«ሠርግ!» አልኩ።

ለምን ሠርግ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስብሰባ ማለት ይቻል ነበር። የመሬት ክርክር ማለት ይቻል ነበር፤ እሱ በእኛ አገር መቼም አይጠፋም።

«በፍልሰታ?» አለ ሲሳይ።

በፍልሰታ ክርስቲያን እንደማይዳር የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ ሼህ እንድሪስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡና፣ አላህ ይስጣቸው፣ ሸክሙን ከትከሻዬ ተቀበሉኝ።

«የእኔ ሠርግ ነው፣ የኔ አባት። የከድጃ ኒካህ ነው።»

ደግ አደረጉ። ችግሩ ከድጃ ያገባችው ዐምና ነው። ሲሳይ ራሱ ፈቃድ ወስዶ መርሳ ድረስ መጥቶ አጅቧታል፤ ሼሁም አዲስ አበባ የሰነበቱት አራሷን ከድጃን ሊጠይቁ ነው።

ሲሳይ ሼህ እንድሪስን አየ። ከዚያ አለምነሽን አየ፤ የተዘቀዘቀ ነጠላዋን አየ። እኔን አላየኝም፤ ወይም አይቶኝ እንደ ሆነ አላውቅም፤ እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር።

«ሠርጉ የት ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«መርሳ።»

«ጋሼ ይመርም አሉበት?»

«አለበት እንጂ» አሉ ሼህ እንድሪስ። «ያለ ይመር ምን ሠርግ አለ?» ሳል ያዛቸውና ፊታቸውን አዞሩ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ ሲሳይ። ተመልሶ ደረጃውን ወጣ። መደገፊያውን ይዞ አንድ በአንድ ነበር የሚወጣው።

ኋላ ራሱ እንደ ነገረኝ፣ ገብቶ ረዳት አብራሪውን «ዛሬ መሪ የሚጨብጥ ልብ የለኝም» አለው። ለአለቆቹ ደውሎም ያንኑ ደገመላቸው፤ በሥራቸው ደንብ እንዲህ ብሎ መናገር የአብራሪው ግዴታ ነው። ሌላ ካፒቴን እስኪመጣ እነዚያ ተመላሽ መንገደኞች ረጅም ሰዓት ተቀመጡ። ይቅር ይበሉን፤ ያንገላታናቸው እኛ ነን።

እኛ የተከራየነው ሚኒባስ ሊነሣ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሲሳይ ነው። ኮፍያውን አውልቋል፤ ተራ ሹራብ ደርቧል።

«ለሠርጉ እኔም ልምጣ?»

ማን ነው አትምጣ የሚለው? ገባ። አለምነሽ አጠገብ ተቀመጠ።

እንግዲህ የዚያን መንገድ ነገር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ደሴን እስክናልፍ ማንም አልተነፈሰም። ሐይቅ ስንደርስ ሼህ እንድሪስ «ሠርገኛ እንዲህ ዝም አይልም» ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። አጨበጨብን። አንዱ ቀጭን ድምፅ ያለው ልጅ የሠርግ ዘፈን አወጣ፤ ተቀበልን። ሲሳይም ተቀበለ። ሾፌሩ በመስታወት እያየን ራሱን ይነቀንቃል፤ ስንሳፈር ለቅሶ ነው ብለነው ነበርና። ዓይኑ ያበጠ፣ ጥቁር የለበሰ ሠርገኛ ጭኖ ተራራ ለተራራ ሲሄድ ምን ብሎ እንዳሰበን እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሼህ እንድሪስ ወሬ ለማስቀጠል ያህል «ሲሳይ፣ ያ ደመና ግን እውነት ጥቂት ነበር?» ሲሉ ጠየቁት።

«እንደ ከድጃ ሠርግ ነበር፣ ሼህ እንድሪስ» አለ ሲሳይ።

ከዚያ በኋላ ማንም አላጨበጨበም።

ውርጌሳን አልፈን የመርሳ አትክልት ብቅ ሲል፣ ሲሳይ ሾፌሩን «ወንድሜ፣ አቁምልኝ» አለው። ወረደ። ሁላችንም ተከትለን ወረድን። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ማንጎውን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ ሼህ እንድሪስ ዞረ።

«ሼህ እንድሪስ፣ ከድጃን የዳርናት አብረን ነው። እናንተ ለእኔ ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም ለእናንተ ብዬ እስከዚህ ዘፈንሁላችሁ። ካልተነገረኝ ማልቀስ አልችልም። እባካችሁ ንገሩኝና ላልቅስ።»

ሼህ እንድሪስ ሁለት እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። ሽማግሌ አልተሰበሰበ፣ ጎህ አልቀደደ፤ መርዶው ግን በደንቡ ተነገረ።

«ልጄ፣ ይመር ቀደመን።»

ሲሳይ አለቀሰ። ከማለዳ ጀምሮ አሥራ አንዳችን የዋጥነው ሁሉ አብሮት ወጣ። አንድ የጭነት መኪና ቆመ፤ ግራና ከምትባለው ከተማ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆሙ። ማን እንደ ሞተ ሳይጠይቁ ወርደው አብረውን አለቀሱ፤ ካለቀሱ በኋላ ነው ስሙን የጠየቁት። ያን ቀን በአገሬ ሰው ኮራሁ። ሌላ ቀን እንዴት እንደማማው ታውቃላችሁ።

ቀብሩ ላይ ደረስን። ጋሼ ይመር ወደ አፈር ሲወርዱ ሲሳይ የመጀመሪያውን አካፋ አነሣ። ልክ በዚያ ሰዓት ከደመናው በላይ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ቀባሪው ሁሉ፣ ሴቱ ወንዱ፣ ዲያቆኑ ሳይቀር፣ ቀና አለ። ሼህ እንድሪስም ከልማድ የተነሣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «የይመር ልጅ ነው እኮ!» አሉ።

የይመር ልጅ አጠገባቸው አካፋ ይዞ ቆሟል። ያረማቸው ግን የለም። ሲሳይ አካፋውን አስቀመጠና ከሼሁ እጅ ባርኔጣውን ወሰደ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ እየዞረ አወዛወዘ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ወልድያ ላይ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መዝገቡን ዘግቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ባለጉዳይ ያጉረመርማል። ማታ ለሲሳይ ደውዬ «ዛሬ በደህና አለፍህ፣ አይቼሃለሁ» እለዋለሁ። «ጋሽ ሞላ፣ እኔኮ ዛሬ ዕረፍት ላይ ነኝ» ይለኛል።

ይበል። እሱ ምን ያውቃል።