በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ቁጥር

የባሌን ሞት የሰማሁት ሌላ ሴት ሳጽናና ነው። እንዲህ ያለም ነገር አለ።

ባሌ ሰይድ እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ አንድ የሽንኩርት እርሻ ላይ የውኃ ፓምፕ ያንቀሳቅስ ነበር። የእርሻው ድርጅት ለሠራተኞቹ የእጅ መነጋገሪያ ሬዲዮ ሲያድል፣ ሰውዬዬ ዕቃውን እንደ ሙሽራ አቅፎ ገባ። ባትሪውን ነቅሎ ከሥሩ የተለጠፈውን ረጅም ቁጥር አሳየኝ። ፊተኛው የሞዴሉ ነው አለኝ፤ ቀጥሎ ያለው የተገጣጠመበት ፋብሪካ፤ መጨረሻው የሬዲዮው የራሱ። ፋብሪካው አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ አይሰጥም። በሮቢት ገበያ "ሰይድ" ብትሉ አሥር ሰው ዞር ይላል፤ ታዲያ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ቁጥር አግኝቶ ቢኮራ ይፈረድበታል? እኔም ለሬዲዮው አረንጓዴ ልብስ ሰፋሁለት።

አንዱ በሬዲዮው ሲናገር፣ በድርጅቱ የጥሪ ማዕከል ያለው ማሽን ቁጥሩን ያነባል፤ ስክሪኑ ላይ የባለቤቱ ስም ይወጣል። ስህተት የለም። ፋብሪካው ያላወቀው ግን እኛ መዋዋስ እንደምንወድ ነው።

ያን ቀን ደጋ ላይ ዘንቦ ወንዙ ሞላ። አንድ ሰው በውኃ ጩኸት መሃል፣ "ታችኛው ፓምፕ ላይ ውኃ ከበበኝ" ብሎ ተጣራና ድምፁ ጠፋ። ስክሪኑ "ከማል" አለ። ከማል የሰይድ የሥራ ባልደረባ፣ የኛም ጎረቤት ነው። ሽማግሌዎች ለሚስቱ ለዘሃራ መርዶ ይዘው ሄዱ። እኔም ሮጥኩ። "የአላህ ውሳኔ ነው፣ ሶብር አድርጊ" እያልኩ ደገፍኳት። በልቤ ግን የኔው ተርፏል ብዬ ነበር፤ አላህ ይማረኝ።

ከማል ጭቃ በጭቃ ሆኖ በበሩ ገባ።

ዘሃራ ደረቱን እየደበደበች፣ "አንተ የት ነበርክ? ለምን አትጣራም?" አለችው።

"ባትሪው ሞቶብኝ" አለ።

እኔም ከሁሉ ጋር አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ሬዲዮ አየሁ። አረንጓዴ ልብስ።

"እትዬ" አለኝ፣ ዓይኑን ሰብሮ። "የሰይድ ባትሪ ደክሞ ነበር። እሱ ወደ ወንዙ ስለሚወርድ፣ ደህናውን ውሰድ ብዬ በጥድፊያ ሬዲዮውን እንዳለ ተቀያየርን።"

ዘሃራ ባሏን ለቅቃ እኔን ታጽናናኝ ጀመር። ያው የኔኑ ቃል፣ አንድም ሳትለውጥ።

በሦስተኛው ቀን ከማዕከሉ አንድ ኃላፊ ለቅሶ መጣ። ማሽኑ አልተሳሳተም ብሎ አስረዳኝ። እውነቱን ነው። ፋብሪካው የቆጠረው ሬዲዮ እንጂ ሰው አይደለም። ከእንግዲህ ሬዲዮ መቀያየር ክልክል ነው አለኝ፤ ከዚህ ተማሩ ማለቱ ነው።

እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ሰይድ በዓለም ላይ አንድ የሆነውን የራሱን ቁጥር ይዞ ቢወርድ ኖሮ፣ በሞተ ባትሪ ማን ይሰማው ነበር? በሰው ቁጥር ስለተጣራ የት እንዳለ ታወቀ፤ ወርደው አገኙት፣ አጥበው ከፍነው ቀበሩት። ስንቱን ጎርፍ ወስዶ መቃብር አሳጥቶታል።

ለሰይድ ዱዓ አድርጉለት። ከቻላችሁ ለከማልም ጨምሩ፤ እሱ በሕይወት አለ፣ ግን ደጄን ሲያልፍ እስከ ዛሬ ቀና አይልም።