መሀል ላይ ያለ ጆሮ

ጆሮ ጠቢን የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። እናንተም አላያችሁም። የሰው ወሬ ለመስማት የሚጣደፈው እንኳ የራሱ ሲሰማበት ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ የጎረቤቴ የእማማ በለጡ ልጅ ሲጋል ሥራዋን ስታስረዳን አንገታችንን እየነቀነቅን ነበር የሰማናት። በኢንተርኔት የሚላክ ነገር ሁሉ ከላኪው እስከ ተቀባዩ ተቆልፎ እንዲጓዝ፣ መንግሥትም ይሁን ነጋዴ መሀል ገብቶ የሕዝቡን ሁሉ ጨዋታ እንዳያዳምጥ፣ የመላላኪያውን ሥርዓት ከሚያጠብቁት አንዷ ናት። የምትኖረው ሀብታሞቹ ሰፈር ራሞት ነው፤ በመኪና ትመጣለች። እኛ የድሆቹ ሰፈር ሽኩና ጊሜል ነን፤ ከበር ቁልፍ ሌላ አናውቅም።

ችግሩ፣ በእናቷ በኩል መሀል ላይ የነበረው ጆሮ የእኔ መሆኑ ነው።

እማማ በለጡ የረባ ስልክ ስላልነበራቸው የጎንደር ዘመድ የድምፅ መልእክት የሚልከው ለእኔ ነበር። አስቀድሜ እሰማለሁ፤ ደግ ወሬ ከሆነ ደረጃውን ወርጄ አሰማቸዋለሁ። ክፉ ከሆነ ግን ታውቁታላችሁ፤ መርዶ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይጠራል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዝ እጅ ይዘጋጃል። ሲጋል አዲስ ስልክ ገዝታ በእናቷ ጣት ብቻ እንዲከፈት አደረገችው።

«ኢማ፣ ዜ ፕራቲ፤ የግልሽ ነው። ጎረቤት ለምን ይሰማልሻል?» አለች እናቷን፣ እንደ ልማዷ ዕብራይስጥ እየቀላቀለች።

ልክ ናት።

የእማማ ወንድም አያ ደሴ ጎንደር ታመው ከርመው ነበር። አንድ ቀን እማማ ክሊኒክ ወረፋ ይዘው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ጣታቸውን አሳረፉበት፣ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። የአያ ደሴ ልጅ የላከው የድምፅ መልእክት ነው። ሲጋል አዲሱን ቁጥር ስትልክለት የእኔ ስልክ የተቀየረ መስሎታል።

«አባዬ ዛሬ አረፈ» ይላል። «አደራ፣ ለአክስቴ ብቻዋን እያለች እንዳትነግሯት።»

መሀል ላይ ማንም አልሰማም። የሲጋል ቁልፍ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። እማማ ተራቸው ሲደርስ ገብተው ደም ግፊታቸውን ተለኩ፤ ነርሷም ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀንሺ አለቻቸው። እዚያ ወንበር ላይ አጠገባቸው አለመኖሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ በቀጥታ የእኔን በር አንኳኩ። ሲነግሩኝ ልጮህ ስል አፌን በእጃቸው ያዙኝ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ሲጋል አልሰማችም። ጎንደር ሳለን ትከሻው ላይ ያሳደጋት አጎቷ ነው፤ ብቻዋን ሆና በስልክ እንዳትሰማው። ሰው ሰብስቢልኝ።»

እንባቸውን ዋጥ አድርገው አደሩ። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዘን ራሞት ሄድን። ሲጋል በሯን ከፍታ ስታየን ገባት፤ ስትወድቅ ያዝናት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ወደ እናቷ ዞረች።

«ኢማ፣ ላንቺስ ማን ነገረሽ?»

እማማ በለጡ ወደ እኔና ወደ ሽማግሌዎቹ አመለከቱ።

«እነሱ ናቸው» አሉ፤ «ተሰብስበው መጡና፣ ደግፈው ይዘው ነገሩኝ።»

እኔም አዎን አልኩ።