ሁለተኛውን ጥያቄ ስንጠብቅ

እኛ ሰዎች እምቢ የምንለው ስንፈልግ ነው። ትስቁ ይሆናል፤ ግን እስቲ ባለፈው ሰው ቤት ገብታችሁ ምን እንዳላችሁ አስታውሱ። አንጀታችሁ እየጮኸ «አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» አላላችሁም? ባለቤቲቱ «ይሄማ አይሆንም!» ብላ ሳህኑን ስታስጠጋ፣ እናንተ ደግሞ «ኧረ በጭራሽ!» ብላችሁ በአንድ ጣት ገፋ አደረጋችሁት፤ ብዙ እንዳይርቅ እየተጠነቀቃችሁ። ሦስተኛ ላይ «በሞቴ» ስትባሉ ግን የሰው ነፍስ ነውና ምን ታደርጋላችሁ? በላችሁ። ይህን ሥርዓት ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ማንም ግን አይሳሳተውም። ጠያቂውም ተጠያቂውም የኛው ሰው እስከሆነ ድረስ ማለቴ ነው።

እዚህ ባሕር ማዶ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት አበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ ሰፈር ብዙም አይርቅም። ስሙ ላይ «ኢንተርናሽናል» የሚል ቃል አለበት። አዲስ አበባ ይህ ቃል በር ላይ ተጽፎ ያየ ወላጅ ኪሱን ዳብሶ ነው የሚያልፈው። ይሄኛው ግን መንግሥት የሚከፍልለት፣ የማንም ልጅ በነጻ የሚገባበት ነው። ስለዚህ አበሻው መጀመሪያ ጠረጠረው። «ኢንተርናሽናል ሆኖ ነጻ? የሆነ ነገርማ አለው!» ተባለ። ከዚያ የአንዱ ልጅ ገባ፣ የጎረቤቱ ተከተለ፣ ዛሬ በመውጫ ሰዓት በሩ ላይ ብትቆሙ የሰርግ ቤት ይመስላችኋል። ትምህርቱ ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ ነው። ኢንተርናሽናልነቱ ያለው ኮሪደሩ ላይ በተሰቀሉት ባንዲራዎችና በቀን አንድ ሰዓት በምትሰጠው ሁለተኛ ቋንቋ ላይ ነው። እስፓኒሽ ብቻ ነበረች።

አሁን እትዬ ፋጤን ላስተዋውቃችሁ። ኮሪያዎች በሚበዙበት ኮሪያታውን ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው፤ እሳቸው ከኔ በላይ ናቸው። ልጃቸው ሰሚራ ከኮምቦልቻ ያስመጣቻቸው ልጇን ኢምራንን እንዲያሳድጉላት ነው። እሷ ሎንግ ቢች ሆስፒታል ስለምትሠራ ሲነጋ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች፤ ልጁን የምታናግረው ደግሞ «ከጓደኞቹ ወደ ኋላ እንዳይቀር» በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ያለው አማርኛ ሦስት ቃል ነው፦ ና፣ ብላ፣ ተኛ። በሦስት ቃል ድመት ማሳደግ ይቻል ይሆናል። እትዬ ፋጤ ግን የወሎ ሰው ናቸው፤ ያለ ወሬ ይታመማሉ። ማታ ማታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «ተረት ተረት» ይሉታል። ኢምራን አይን አይናቸውን ያያቸዋል። «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ከሌለ ደግሞ ተረት አይጀመርም። «እዚህ ድረስ ሞልቶብኛል ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ጉሮሯቸውን በእጃቸው እያሳዩ። ልጁ ምንም አልጎደለበትም፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም። የጎደለባቸው እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ኢምራንም የሚማርበት ያ ትምህርት ቤት ወላጆችን ለስብሰባ የጠራው። ሰሚራ ሥራ ላይ ስለነበረች እትዬ ፋጤን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ አማርኛ ሊጨመር ይችላል የሚል ወሬ እንዳለ ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ዱዓ ላይ ነበሩ።

ዳይሬክተሯ ሳቂታ ሴት ናት። አንድ ቋንቋ ለመጨመር እንደተፈቀደላት ነገረችንና፣ ቁጥራችን በርከት ስለሚል መጀመሪያ ወደኛ ጠረጴዛ ዞረች። «አማርኛ ብንጨምር ትፈልጋላችሁ? አስተማሪ መፈለግ ትንሽ ያደክመናል፤ ከፈለጋችሁ ግን እናደርገዋለን» አለች። ሎንግ ቢች ወደብ ኮንቴይነር የሚጭነው ደረጄ ተረጎመልን። እርስ በርስ ተያየን። እንደ ደንቡ ዓይናችን ሁሉ ከመሀላችን ትልቅ ወደሆነው ሰው ሄደ። እትዬ ፋጤ ተነሡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ኧረ አትቸገሩ ልጄ! ልጆቻችንን በነጻ ማስተማራችሁስ መች አነሰን? ይበቃናል። አላህ ይስጥልን» አሉ።

እኛም በሙሉ ራሳችንን ነቀነቅን። «እውነት ነው፣ ይበቃናል» ያልንም አለን። እንዴት የሚያምር እምቢታ ነበር! አገር ቤት ቢሆን እንዲህ ያለውን እምቢታ ሰምቶ ሁለተኛ የማይለምን ሰው አይገኝም። ደረጄ አንድም ሳያስቀር ተረጎመው። ዳይሬክተሯ ልቧ ተነካ፤ እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችን። ከዚያ ወደ ኮሪያዎቹ ጠረጴዛ ዞረች። እዚያ አንዲት አሮጊት ጥያቄው ሳያልቅ እጃቸውን አውጥተው «የስ! የስ!» አሉ።

እትዬ ፋጤ ተቀምጠው ፊታቸውን ለሁለተኛው ጥያቄ አዘጋጅተው ነበር። እኔም አዘጋጅቼ ነበር። ሁላችንም በትዕግሥት ጠበቅን። ስብሰባው አለቀ።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ የሁላችንም አፍ ተከፈተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። አንዷ እናት «እንዴት ትተረጉመዋለህ!» ብላ ደረጄ ላይ ጮኸችበት።

«ያሉትን ነዋ ትራንስሌት ያደረግኩት! ሶ ምን ልበል? ትደግማለች ብዬ ነው እንጂ» አለ፣ ምስኪን።

«ተመልሰን እንንገራት» ያለም ነበር። ማን ይሂድ? እምቢ ብሎ ተመልሶ መለመን ነውር ነው። ነውራችንን ጠብቀን በየመኪናችን ገባን።

እትዬ ፋጤ ቀበቶአቸውን ካሰርኩላቸው በኋላ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ መቼ ነው ተመልሳ የምትጠይቀን?»

መኪናውን አላስነሣሁም። እዚህ አገር ሰው አንዴ ነው የሚጠየቀው፤ እምቢ ካለ እምቢታውን ያከብሩለታል አልኳቸው። ማክበር መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። ከዚያ አስነሥቼ ወጣን። የኦሎምፒክን መንገድ ይዘን ዌስተርን መገናኛው ላይ ልንደርስ ስንል ነው የተናገሩት።

«እሺ ልላት ነበር እኮ። ሁለተኛ ስትጠይቀኝ እሺ ልላት ነበር።»

አንጀቴን በሉት። በሳምንቱ ነውሩን ወደ ጎን ብዬ ብቻዬን ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ። ከልቧ አዘነች፤ ግን የኮሪያኛ አስተማሪ ተቀጥሮ ነበር። ሌላ ቋንቋ መቼ እንደሚፈቀድም አታውቅም። «ለምን ያኔውኑ አልነገራችሁኝም?» አለችኝ። ምን ልበላት? ነገርንሽ እኮ፤ እምቢ ያልንሽ ጊዜ ነገርንሽ። ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሉት ስለማላውቅ አመስግኜ ወጣሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ዓመቱ አለፈ። በመዝጊያው ዕለት ልጆቹ የተማሩትን ለወላጅ አሳዩ። ኢምራን ከተመደበበት ከኮሪያኛ ክፍል ጋር ወጣና ወደ አያቱ ዞሮ፣ ከወገቡ እጥፍ ብሎ እጅ ነሣ። እትዬ ፋጤ ክንዴን ጨበጡኝ። እንዲህ አጎንብሶ ለታላቅ ሰላምታ የሚሰጥ ልጅ ካዩ ቆይተዋል። ልጁ ቀና ብሎ በኮሪያኛ ረዘም ያለ ነገር ነገራቸው፤ ሲናገር ደግሞ አንደበቱ አይያዝም። አንድም ቃል ያልገባቸው አያት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ሙሉውን እስኪጨርስ ጠብቀው፣ «አሚን!» አሉት።

እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ።

በኋላ ዳይሬክተሯ ኬክ በትሪ ይዛ በየጠረጴዛው ስትዞር እኛ ጋ ደረሰች። አፏን ከፈት ከማድረጓ፣ ምን ልትል እንደሆነ ሳይታወቅ፣ እትዬ ፋጤ «የስ!» አሉ። በጣም ጮክ ብለው ስለነበር የጎረቤት ጠረጴዛ ሁሉ ዞረ። ዳይሬክተሯ ደስ ብሏት ትልቁን ቁራሽ መርጣ ሰጠቻቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ስንመለስ ኬኩ ሳይቀመስ ጭናቸው ላይ ነበር። ኢምራን ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ወስዶታል።

«እትዬ፣ አይበሉትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ኬክ መች እወድና ልጄ» አሉኝ። «እምቢ ማለት ፈርቼ ነው።»